ካፒቴኑ ያልላከው መልእክት

ውድ እህቴ እምነት፣

እቴቴ፣ እንደምን ሰነበትሽ? የጁባ ሙቀት እንዴት ይዞሻል? ጉልበትሽስ ተሻለው ወይስ አሁንም ደረጃ ስትወጪ ያምሻል? ባለቤትሽ ዘመድኩን፣ ልጆቹ፣ ምግብ ቤታችሁ፣ ሁሉም ሰላም ነው? እኛ አምላክ ይመስገን ደኅና ነን። ከበዓል ሰላምታ ያለፈ ቃል ከተለዋወጥን ስምንት ዓመት ሆነን። ይህን በስልክ መናገር ቢያቅተኝ ጻፍኩት፤ ጁባ የሚመላለስ ሹፌር ያደርስልኛል።

የዲሽ ሱቄ እንደነገሩ እየሄደ ነው። ባለፈው ወር የሱቅ ጎረቤቴ ጃፋር የድሮ ተከታታይ ፊልሞች የሞሉበት ፍላሽ ሰጠኝ። ቤት ወስጄ ስከፍተው፣ በልጅነታችን እትዬ በድሪያ ቤት በካሴት የምናየው የጠፈር ፊልም ወጣ። መንገድ ስታ በከዋክብት መሃል የምትንከራተተው መርከብ፣ ያ ሽበታም ካፒቴን። ራቴን ረስቼ ቁጭ አልኩ።

ቅዳሜ ከሰዓት የግቢው ሰው ጫማውን በር ላይ አውልቆ፣ ተጠጋግቶ ምንጣፉ ላይ ሲቀመጥ ትዝ ይልሻል? እንግሊዝኛ የሚችል ስላልነበረ አስተርጓሚያችን አንቺ ነበርሽ። ስምንተኛ ክፍል መድረስሽ ለእኛ እንደ ዩኒቨርሲቲ ነበር። እህል በረንዳ ጆንያ ሲሸከም የዋለው ሁሉ ሳይቀር «ዝም በሉ፣ እምነት ትናገር» ይል ነበር።

እውነቱን ልንገርሽ፣ የዛሬዎቹን የጠፈር ፊልሞች አልወዳቸውም። መርከባቸው የመስታወት መሸጫ ይመስላል፤ ሰው አይርበው፣ ልብሱ አያድፍ። የእኛዋ መርከብ በሯ ቀለም የተቀባ ጣውላ መሆኑ አሁን ሳየው ያስታውቃል፤ ሰዎቹ ግን ይኮራረፋሉ፣ ይታረቃሉ፣ የቀረቻቸውን ሾርባ ይካፈላሉ። የመንፈስ ፊልም የምትወደው ልጄ ቃልኪዳን ናት። ግድግዳው እያቃሰተ፣ በሩ በራሱ እየተከፈተ፣ ባልና ሚስት መንፈስ አለ የለም ብለው አሥር ክፍል ሙሉ ሲከራከሩ እኔ እስቃለሁ። እኛ ሰፈር ቢሆን በመጀመሪያው ቀን ጸበል ይረጭ ወይ ቁርኣን ይቀራበት ነበር። ደግሞ መርካቶ ውስጥ ቤት ያገኘ ሰው ለመንፈስ ብሎ አይለቅም። አንድ ነገራቸው ብቻ እውነት ይመስለኛል፤ ሙታኑ የሚመላለሱት ሳይናገሩት የቀረ ነገር ሲኖራቸው ነው።

ወደ ካፒቴኑ ልመለስ። በአንቺ ትርጉም በየክፍሉ መጨረሻ ለልጁ መልእክት ይልክ ነበር። «ደኅና ነኝ፣ መንገዱ ረዝሞብኝ ነው፣ በትምህርትህ በርታ» ይለው ነበር። ቃልኪዳን አሁን አሥረኛ ክፍል ናት፤ እንግሊዝኛዋ ጥሩ ነው። ያን ቦታ ስትሰማ «አባዬ፣ የሚያወራው ካፒቴኑ አይደለም፣ በእሱ ድምፅ የሚናገር የመርከቧ ማሽን ነው። ካፒቴኑ ሦስተኛው ክፍል ላይ ሞቷል። ልጅም የለውም» አለችኝ። ሁለቴ አስደገምኳት፤ ያው ነው።

በማግስቱ እትዬ በድሪያ ዘንድ ሄድኩ። ዓይናቸው ደክሟል እንጂ ነገር አይረሱም። ስነግራቸው፣ እሳቸውና ባለቤታቸው ያኔም ያውቁ እንደነበር ነገሩኝ። ፊልሙ ከሥሩ የዓረብኛ ጽሑፍ ነበረው፤ ባለቤታቸው ያነቡታል። «አባታችሁ ሚሌ ላይ የሚነዳው የጭነት መኪና ተገልብጦ ደሴ ሆስፒታል የተኛ ጊዜ ነው» አሉኝ። «እናት የላችሁ። እህትህ ማድቤት ገብታ ታለቅስና ፊቷን ታጥባ ነበር ልታስተረጉምላችሁ የምትመጣው። ‹ልጄ በዚህ ሁኔታ እንዳያየኝ› ያለው አባትህ ራሱ ነው። ካፒቴኑ የሚለውም ረዳቱ ካሳ ከደሴ ይዞት የሚመጣውን የአባትህን ቃል ነበር።» ለምን እስከ ዛሬ እንዳልነገሩኝ ብጠይቃቸው፣ «እንዳትነግሩት አደራ ያለችን እህትህ ናት» አሉኝ።

አንድ ቅዳሜ ካፒቴኑ «እህትህን ታስቸግራለህ አሉ፣ ታዘዛት» ሲል ግቢው በሙሉ ወደ እኔ ዞሮ ሳቀ። እኔም አፍሬ ለሳምንት ያህል ውኃ ስቀዳልሽ ሰነበትኩ። የአባታችን ቁጣ ነበር ለካ። እኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ አንቺም ገና አሥራ ስድስትሽ።

የዛሬ ስምንት ዓመት ካሳ መጥቶ አባታችን እኔ እንደመሰለኝ አደጋው ላይ ሳይሆን ሁለት ወር ተኝቶ እንደሞተ ሲያነሳ፣ ጨርሶ እስኪናገር እንኳ አልታገሥኩም። በሰው ፊት «አባቴን ሳልሰናበተው ያስቀረሽኝ አንቺ ነሽ» አልኩሽ። አባታችን ራሱ እንዳዘዘ እንኳ ሳትነግሪኝ በወሩ ሄድሽ። እቴቴ፣ አጥፍቻለሁ፤ ይቅር በይኝ።

ቃልኪዳን የአክስቷን ድምፅ ለምን እንደማታውቀው ጠየቀችኝ።  ፓስፖርቴን አሳድሻለሁ፤ ከጥምቀት በኋላ ሱቁን ለባለቤቴ ትቼ ከልጄ ጋር እመጣለሁ። አትምጣ የምትዪኝ ከሆነ ለሹፌሩ ንገሪው፣ አልቀየምሽም።

ዘመድኩንን በጣም ሰላም በዪልኝ። ልጆችሽን አንድ በአንድ ሳሚልኝ፤ የትንሿን ጉንጭ ሁለቴ። ባለቤቴ አዲስዓለም በርበሬሽን አስፈጭታ አስቀምጣልሻለች፣ ሰላም ትልሻለች። ቃልኪዳን እጅ ትነሳለች። እትዬ በድሪያ ደግሞ «ሁለታችሁን አንድ ላይ ሳላይ ዓይኔ እንዳይጠፋ» ብለውሻል።

ወንድምሽ ይገረም
መርካቶ፣ አዲስ አበባ
ታኅሣሥ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.