የአባትሽ ዓረፍተ ነገር

መርሳ፣ ኅዳር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ካምፓላ ለምትገኚው ለምወድሽ ልጄ ለፊዮሪ፤

እንዴት ሰነበትሽልኝ፣ የኔ ዓለም? ያ ሳል ለቀቀሽ ወይ? እኔ እግሬ ትንሽ ያብጣል እንጂ ደህና ነኝ፤ ፈጣሪ ይመስገን። ስልኩ ይመጣል፣ ይሄዳል፤ ቢሠራም ይህን በስልክ አልናገረውም። ደብዳቤውን ጎረቤታችን ሮማን አዲስ አበባ ስትገባ ትልክልሻለች። ሳትጨርሺው እንዳትደውዪ።

ባለፈው አባትሽን ስትጠይቂኝ "ግራና ከተማ ለቅሶ ሄዷል" ያልኩሽ ውሸት ነው። አባትሽ ከቤት ከተወሰደ ዛሬ ሃያ ሦስት ቀኑ ነው። ለምን እንደተወሰደ እንዲገባሽ ከሥሩ ልንገርሽ። አንቺ የምታውቂው መጽሐፍ የጻፈውን መሓሪን ነው፤ እኔ ደግሞ አብሬው የኖርኩትን።

በስልሳ አምስት ክረምት ከዩኒቨርሲቲ ለእረፍት ወልድያ መጣ፤ የሃያ ሦስት ዓመት ልጅ ነው። መንገዱ ዳር ሰው በረሃብ እንደ ቅጠል ረግፏል። አያትሽ ሃፍተ የእህል ነጋዴ ነበሩ፤ መጋዘናቸው ማሽላ እንደሞላ ተቆልፏል። "አባባ፣ ቁልፉን ስጠኝ" አላቸው። "ዋጋው ገና ነው" አሉት። አዲስ አበባ ተመልሶ በሁለት ሳምንት መጽሐፉን ጻፈው። መንግሥት ማለት የጎተራውን ቁልፍ የያዘ ሰው ነው፤ ማንም ስለ ሌላው ሊራብለት አይችልም፤ እንግዲያስ ማንም ስለ ሌላው ቁልፍ ልያዝለት ሊል አይገባም፣ ይላል። ይህን እኔም አምናለሁ። እንደኛ ጉባ ላፍቶ ወረዳ ያደገ ገበሬ ሁሉ ያምነዋል፤ በሆዱ ያውቀዋላ።

የመጨረሻው ገጽ ላይ ያለውን ግን አንቺም በቃልሽ ትወጪዋለሽ። "ጠላቱን ለይቶ ያላስወገደ ሕዝብ ገና ሕዝብ አልሆነም።"

ስለ አጎትሽ ስለ ማሩ፣ ሽፍታ ገደለው ብዬ ነው ያሳደግሁሽ። ሽፍታ አይደለም። በስልሳ ዘጠኝ የገበሬ ማኅበር ሊቀመንበር ሆኖ ተመረጠ፤ ሰው ስለሚወደው እንጂ ወንድሜ ፖለቲካ የሚባል አያውቅም። ከከተማ የመጡ ልጆች እርሻው ላይ ገደሉት። ደረቱ ላይ ወረቀት ትተው ሄዱ። እኔ ያኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ ቄሱ ናቸው ያነበቡልን። ያው ዓረፍተ ነገር ነበር።

አባትሽ በዚያን ጊዜ በደርግ ታስሮ ነበር። ማሩን አያውቀውም፣ ግደሉትም አላለም። ከገዳዮቹ አንዱ ኋላ አብሮት ታስሮ እንደ ጀግንነት አጫወተው። በሰባ ሁለት ሲፈታ እናቱን እንኳ ሳያይ፣ ድንጋይ ተሸክሞ አባቴ ደጅ ወደቀ። "የጻፍኩት እኔ ነኝ" አለ። ሽማግሌ ተቀመጠ፣ ደም ደረቀ። እርቁ እንዲጸና በጋብቻ ይታሰር ተባለ። እኔን፣ ትወጂዋለሽ ወይ ብሎ የጠየቀኝ የለም። እንዲህ ነው የተጋባነው፣ ልጄ።

ክፉ ባል አልነበረም። ፊደል ያስቆጠረኝ እሱ ነው። እዚህ መርሳ ጂኦግራፊ እያስተማረ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሁለተኛውን መጽሐፍ ሲጽፍ፣ በእጄ የምገለብጥለት እኔ ነበርኩ። "ጠላት የሚለው ቃል ከሰውየው ቀድሞ ይደርሳል፤ ከዚያ በኋላ ፊቱን የሚያይ የለም" ይላል። ማንም ፈልጎት አያውቅም። የሚጠየቀው ሁልጊዜ የመጀመሪያው ነው። አንቺም እንደገና ላሳትም ብለሽ የጠየቅሽው የመጀመሪያውን ነው።

ባለ ወፍጮውን ጀብሪልን ታስታውሺዋለሽ። በጦርነቱ ማግስት፣ በትግራይ ትውልዱ የተነሳ አባትሽን ሊወስዱ ሰዎች ሲመጡ በራችን ላይ የቆመው እሱ ነው። "ይኸ ሰውዬ ልጆቼን አስተምሮልኛል፤ እኔን አስቀድሙ" አላቸው። ተመለሱ።

መስከረም ላይ ጠመንጃ የያዙ አራት ወጣቶች መጡ። ጨዋ ልጆች ናቸው፤ ጉልበቱን ስመው ተቀመጡ። የመጽሐፉን ፎቶ ኮፒ አውጥተው "አባባ፣ ይፈርሙልን" አሉት።

"የመጨረሻውን ገጽ ቅደዱት። ውሸት ነው" አላቸው። ስለ ማሩም አንድ ሳያስቀር ነገራቸው። እኔ ጓዳው በር ላይ ቆሜ ነበር።

አለቃቸው አንገቱን ደፍቶ እስከ መጨረሻው አዳመጠ። ከዚያ፣ "አባባ፣ እርስዎ ደክመዋል። ሐሳቡ ግን አልደከመም" ብሎ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተው።

ጥቅምት አጋማሽ ላይ ጀብሪል ወፍጮ ቤቱን ዘግቶ እንደወጣ ቀረ። በማግስቱ በግራና መንገድ ዳር አገኙት። ለወዲያኞቹ ፈጭቷል ተብሎ ነው አሉ። እህል ላመጣለት ሁሉ ይፈጭ ነበር፤ ወፍጮ አይደል? የማን እጅ እንደሆነ አላውቅም። ደረቱ ላይ የነበረውን ወረቀት ግን አይቼዋለሁ። ዘንድሮ ቄስ አላስፈለገኝም፤ ራሴ አነበብኩት።

አባትሽ ለቅሶ ቤት ሄዶ፣ የጀብሪል ሚስት ኢሕሳን በተቀመጠችበት በኩል ቆመ። "ኢሕሳን ልጄ፣ ያንን ቃል የጻፍኩት እኔ ነኝ" አላት።

ቀና ብላ አየችው። አላለቀሰችም። "ጋሼ መሓሪ፣ ይኸን የሚነግሩኝ ለማን ብለው ነው? ለጀብሪል ነው? እሱ አይሰማዎትም። ለእኔ ነው? እኔ ምን ላድርገው? ለራስዎ ነው። ሸክምዎን እኔ ደጅ አያራግፉት። እኔም የራሴ አለኝ።"

በሦስተኛው ቀን መናኸሪያ ሄዶ የሲሚንቶ ደረጃ ላይ ቆመ። "ሰዎች! የመጽሐፉ ባለቤት እኔ ነኝ! ጠላት ለዩ ብዬ የጻፍኩት ስሕተት ነው! በእኔ ቃል ሰው አትግደሉ!" እያለ ጮኸ። ተራ አስከባሪው "ወልድያ! ወልድያ! ሁለት ሰው!" እያለ ድምፁን ዋጠው። አንዳንዱ "አረጀ" ብሎ አለፈ። አንዲት ሴት የሚጠጣ ውሃ ሰጠችው። እጁን ይዤ ወደ ቤት መለስኩት።

ጥቅምት 21 በጠራራ ፀሐይ ሁለት ሰዎች መጥተው "ለጥቂት ጥያቄ ነው" አሉ። የየትኞቹ እንደሆኑ ወረቀት ላይ አላሰፍርም። በዚህኛውም በዚያኛውም ወገን መናኸሪያ የተናገረውን የወደደለት አልነበረም። ኮቱን ለበሰ። በሩ ላይ ዞሮ፣ "ውባለም፣ ለፊዮሪ እንዳትነግሪያት" አለኝ።

ወልድያ ጠየቅሁ፣ ሐራ ጠየቅሁ፤ አላየንም፣ አልሰማንም ነው መልሱ። ትናንት የንስሐ አባታችን ቤት ድረስ መጥተው የክርስትና ስሙን ጠየቁኝ። ለሕያዋን ጸሎት ነው ወይስ ለሙታን ብዬ አልጠየቅኋቸውም። ነገርኳቸው።

እንዳልነግርሽ የለመነኝ መወሰዱን አይደለም። እነዚያ ልጆች የመጡ ቀን "ይኸን መጽሐፍ ከየት አገኛችሁት?" ብሏቸው ነበር። አለቃቸው ፈገግ ብሎ ስልኩን አወጣ። "ልጅዎ ካምፓላ ሆና በኢንተርኔት ስታነበው ሰምተን እኮ ነው" አለ፤ ከፍቶም አሰማን። የመጨረሻውን ገጽ ነበር የምታነቢው። ድምፅሽ ያምራል።

ቃሌን አፍርሼ የነገርኩሽ ልወቅስሽ አይደለም። ከሰው አፍ እንዳትሰሚው ብዬ ነው፤ ደግሞም ያንን ገጽ ዳግመኛ እንዳታነቢው። ግደሉ አላልሽም፤ አውቃለሁ። እሱም አላለም ነበር።

አሁን ይህን ስታነቢ ምን እንደምትሆኚ አውቃለሁ፤ ብቻሽን ሆነሽ መሬቱ ይከዳሻል። ግን ስሚኝ፣ ልጄ። እንዲህ ያለ ሸክም ከተሸከመ ሰው ጋር አርባ አራት ዓመት ኖሬያለሁ። ምን ሲያስነሳው፣ ምን ሲያስተኛው እንደነበር አውቃለሁ። አንቺንም እችልሻለሁ። ስልኩ ሲመጣ ደውይ፤ መናገር ቢያቅትሽ ዝም በዪ፣ እኔ መስመሩ ላይ እቆያለሁ።

የወልድያው ገብርኤል ከክፉ ይጠብቅሽ፤ አንደበትሽን ይባርክልሽ።

እናትሽ፣
ውባለም