በሠርቶ ማሳያው ወጥ ቤት እንቁላል ስለመቀቀሉ

ለተከበሩ የትምህርት ቤታችን ርእሰ መምህር፣

በቅድሚያ ጤናዎን እየጠየቅሁ፣ የሕይወት ክህሎት የሚባለው አዲስ ትምህርት ሲመረቅ ሪባን ለመቁረጥ የቆሙበት ፀሐይ ራስ ምታት እንዳልቀሰቀሰብዎ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ ከትምህርት ቤቱ አጥር ማዶ ያለችው የሴቶች ፀጉር ቤት ባለቤት ነኝ፤ ሥራዬ ከራስ ቅል ውጭ ያለውን ማሳመር ስለሆነ፣ የውስጡን ለእርስዎ ትቼ ልጄን አምኜ ሰጥቼዎታለሁ። ይህቺው የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ልጄ ሠርቶ ማሳያውን ወጥ ቤት ያለ ፈቃድ በመጠቀሟ እንደታገደች፣ እኔም በጠዋት ሰልፍ ላይ ቀርቤ ይቅርታ ካልጠየቅሁ ለዓመቱ ማጠቃለያ ፈተና እንደማትቀመጥ ነግረውኛል። ፈተናው ሰኞ ነው፤ ካመለጣት ክፍሉን ትደግማለች። ስለዚህ ወደ ይቅርታው ከመሄዴ በፊት ያለብኝን ምስጋና እንዳቀርብ ይፍቀዱልኝ።

አንደኛ፣ ልጆቻችን ወጪያቸውን አቅደው መኖር እንዲማሩ፣ እኛ ወላጆች ነጭ ሽርጥና ረጅም የወጥ ቤት ቆብ፣ ያውም እርስዎ ከመረጡት ሱቅ ብቻ፣ እንድንገዛ ስላዘዙን እናመሰግናለን። ቆቡ እስከ ዛሬ ከነላስቲኩ ቁም ሳጥን ላይ ተቀምጧል። ልጄ የቤታችንን ወጪ አቅዳ እንድትመጣ ታዝዛ እውነቱን ጽፋ ብትሄድ፣ ለእረፍት ጉዞ አልመደበችም ተብሎ ነጥብ ተቀንሶባታል። የእረፍት ጉዞ እንደሚገባን ከእርስዎ መስማታችን ትልቅ ነገር ነው፤ ሻንጣ ጠፍቶ እንጂ ዛሬውኑ በተነሣን ነበር።

ሁለተኛ፣ ምድጃዎቹ ከነማሸጊያቸው እንዲቆዩ፣ ቁልፉ ከምክትልዎ ኪስ እንዳይወጣ፣ በሩም እንግዳ ሲመጣ ብቻ እንዲከፈት በማድረግ የመንግሥትን ንብረት ከጭስ ስለጠበቁልን አመሰግናለሁ። ልጆቹ ድንች መላጥን የተማሩት ከጥቁር ሰሌዳ ነው፤ ለተግባር ፈተናም ድንች ሥለው አስረክበዋል። ልጄ የሣለችው ድንች ጥላ ስለጎደለው ከግማሽ ብዙም ያልበለጠ ውጤት አግኝታለች። እኔ ምን አውቃለሁ፤ ቤት ውስጥ የምትቀቅልልኝን ድንች እስከ ዛሬ ያለ ጥላ ስበላው ኖሬአለሁ።

ሦስተኛው ምስጋናዬ ረዘም ስለሚል ይታገሡኝ። ልጄ በታገደችበት ዕለት እንግዶች ይመጣሉ ተብሎ ወጥ ቤቱ ተከፍቶ፣ ጠረጴዛው ላይ እንቁላል፣ ስኳርና አትክልት ተደርድሮ ነበር። በዚያው ሰዓት የሥነ ልቦና አማካሪዋ የልጄን ክፍል ተማሪዎች ዓይናቸውን አስጨፍነው፣ በረጅሙ እየተነፈሱ የሚያሳስባቸውን ሁሉ እንዲረሱ ያስተምሩ ነበር። ከልጄ አጠገብ የምትቀመጠው ልጅ ብዙ ቀን ቁርስ ሳትቀምስ ነው የምትመጣው፤ ይህን የማያውቅ ቢኖር አስተማሪ ብቻ ነው። ልጅቷ ከወንበሯ ተንሸራትታ ወለሉ ላይ ስትዘረጋ፣ አማካሪዋ እውነተኛ መዝናናት ይህን እንደሚመስል ለሌሎቹ አስረድተው፣ ማንም እንዳይረብሻት አዘዙ።

ልጄ ትእዛዙን ጥሳ ወጣች። መጀመሪያ ስኳሩን ከወጥ ቤቱ አምጥታ በውሃ በጥብጣ አጠጣቻት፤ ጓደኛዋ ነፍስ ስትዘራ ደግፋ ወደ ወጥ ቤቱ ወሰደቻት፤ የምድጃውን ማሸጊያ ቀድዳ፣ ለእንግዳ ዓይን የተቀመጡትን እንቁላሎች ቀቅላ አበላቻት። ድስቱንም አጥባ ቦታው መልሳለች። እንግዶቹ ሲደርሱ ከእንቁላሉ ያገኙት ቅርፊቱን ብቻ ነው አሉ። የደረሰብዎ ኀፍረት በጣም አሳዝኖኛል፤ በዚያ ወጥ ቤት ምግብ ያበሰለችውን ብቸኛ ተማሪ አግደው ክፍሉን ወደ ንጽሕናው ስለመለሱትም እንኳን ደስ ያለዎት እላለሁ።

እንግዲህ ሰኞ ጠዋት ሽርጡን ታጥቄ፣ ያን ረጅም ቆብ ደፍቼ ሰልፉ ላይ እገኛለሁ፤ አንድ ቀን እንኳ ይለበስ። ይቅርታውንም እጠይቃለሁ፤ የምጠይቀው ግን ወለሉ ላይ የተተወችውን ልጅ ነው። ስሟን አልጠራም፤ ለማን እንደምናገር እርሷ ታውቃለች። እርስዎ ሥራ ስለሚበዛብዎ በእርስዎም ስም ጨምሬ እጠይቅልዎታለሁ። ከዚያ ልጄ ወደ ፈተናው ክፍል ትገባለች። ከበሩ የሚመልሳት ካለ፣ የፀጉር ቤቴ ደንበኞች ሁሉ የተማሪ እናቶች መሆናቸውንና ይህን ደብዳቤ መስታወቱ ላይ መለጠፌን በትሕትና አሳውቃለሁ።

ለእንግዶችዎ መልካም አቀባበል፣ ለምድጃዎችዎ ረጅም ዕድሜ፣ ለእርስዎም የማይቋረጥ ጭብጨባ እየተመኘሁ፣ ከወንበርዎ ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ።

የታገደችው ተማሪ እናት

ማስታወሻ፦ ለእንግዶቹ ከተደረደረው ውስጥ ቲማቲሙ ፕላስቲክ ሆኖ ስለተገኘ ሳይበላ ቦታው ተመልሷል። ወደፊት እንቁላሉንም እንዲሁ ቢያደርጉት፣ የራበው ልጅ አይደፍርብዎትም። በተረፈ፣ ልጄ ከታገደች ወዲህ ደጋግማ የምትጠይቀኝ ስለ ፈተናው ሳይሆን ጓደኛዋ ቁርስ በልታ እንደሆነ ነው። መልሱን ስለማላውቅ ጥያቄዋን ለእርስዎ አስተላልፌያለሁ፤ ሲመልሱ ዓይንዎን መጨፈን አያስፈልግም።