ሃይድሮጅን በዕቃ ቤት

ጥር 13፣ ጠዋት
ዛሬም ክብሪቱ ጠፋ። እበት ከበጠበጥኩበት ጀሪካን የወጣውን ሙሉ ጠርሙስ አየር ብለኩሰው ድርግም። ሃይድሮጅን ቢሆን ይነድ ነበር። የእርሾ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ጥፋቱ የኔ፤ የጠላ አተላ ጨመርኩ። ጌሾው ሃይድሮጅን የሚሠሩልኝን ባክቴሪያዎች አፍኗቸዋል መሰለኝ።

ከሰዓት
ታናሽ ወንድሜ አዳሙ ዕቃ ቤቱን ፈለገው። የጥር 21 ማኅበር እኛ ቤት ነው፤ የጠላው ጋን እዚያ ይገባል። ሽታውም እንግዳ ያባርራል ይላል። እስከ ዋዜማው ጀሪካኑን አውጪ አለኝ። እሺ አልኩ። ቤቱ የሱ ነው፤ መቼ እምቢ ብዬ አውቃለሁ? ውጭ ካወጣሁት ግን የደብረ ማርቆስ ብርድ ባክቴሪያዎቹን ይጨርሳቸዋል።

ጥር 14
እንደ አዲስ ጀመርኩ። ስኳር ከተጠቀለለበት የኬሚስትሪ ገጽ ያነበብኩትን ከስልክ ከቃረምኩት ጋር አገናኘሁ። እበት በጥብጬ አፈላሁ። ሌላው ሲሞት የምፈልጋቸው እንደ ዘር ጠንክረው ይተርፋሉ። ሲበርድ የብቅል ውኃ ጨመርኩ። ጌሾ የለም! የጉሉኮስ ቱቦ ከጀሪካኑ ወጥቶ ውኃ ሞልቼ ሳፋ ውኃ ውስጥ በደፋሁት ጠርሙስ ይገባል። ጀሪካኑን እንዲሞቀው ጋቢዬን አለበስኩት። የአዳሙ ሚስት የሻረግ አየችና፣ «እትዬ፣ መቼ ነው የሚፈለፈለው?» በሳቅ ሞትን።

ጥር 17፣ ንጋት
ቡልቅ! ማስታወሻዬ፣ ቡልቅ ይላል! የጠርሙሱ ውኃ ወርዷል። በሐኪም መርፌ እየለካሁ መስመር አስምሬበታለሁ። የኖራ ውኃ አስገብቼ ናጥኩ፤ ካርቦኑን ጠጣው፣ ውኃው እስከ ግማሽ ወጣ። የቀረው ግማሽ... ስሙን አልጽፍም። መጀመሪያ ክብሪት።

ረፋድ
ጷ! ነደደ! ሃይድሮጅን ነው!
አዳሙ ዱላ ይዞ እየሮጠ መጣ። «ምን ፈነዳ?» ነገርኩት። «እስቲ ድገሚው።» ሌላ ጠርሙስ እስኪሞላ በሩን አልለቀቀም። ራሱ ለኮሰ፤ ጠርሙሱ ሲጮህ ዘለለ፣ ከዚያ እንደ ልጅ ሳቀ። ሲወጣ ግን፣ «ዋዜማውን እንዳትረሺ፣ እቴ።»

ጥር 20፣ ከሰዓት
ጋኑ በር ላይ ነው። ቡልቅታው አልቆመም፤ የዛሬው ጠርሙስ ከትናንቱ ቶሎ ሞላ። እስከ ምን እንደሚደርስ ሳላውቅ ላቁመው? አዳሙ ጀሪካኑን ሊያነሳ ጎንበስ ሲል እጁን ያዝኩት። ጋኑ እኔ ክፍል ይግባ፣ እኔ እዚህ እተኛለሁ አልኩ።
«ሽታውስ? እንግዳው ቢጠይቅ ማን ይመልሳል?»
«እኔ።»
«አንቺ? ሰው ፊት?»
አዎ። ለመጣው ሁሉ እናገራለሁ፣ ከፈለጉም እለኩስላቸዋለሁ። አሁን ፍራሼን ላምጣ።