ጃንጥላ የያዘው አውራ ዶሮና አባቴ

ለተከበሩ የከተማው የሥነ ጥበብ ስብስብ ማዕከል ዋና ኃላፊ፣

ክቡር ሆይ፤ ጤናዎ እንደምን ነው? እርስዎም፣ ጠባቂዎችዎም፣ የአዳራሾችዎን ሙቀትና ቅዝቃዜ የሚለካው መሣሪያም ደህና እንደሆናችሁ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ ባለፈው ዓመት የቤቷን በር ነቅላ ያበረከተችልዎት ልብስ ሰፊ ነኝ።

በሩን የሣለው አባቴ ነው። አርባ ዓመት የሱቅ ታፔላ ሲጽፍ ኖሮ፣ ከሥራ በተረፈው ቀለም ጃንጥላ የያዘ ቀይ አውራ ዶሮ ሣለበት። እናቴ «ሰው የዶሮ ነጋዴ ቤት ይመስለዋል» ብላ አንድ ሳምንት አኮረፈችው፤ በኋላ ግን እሷ ራሷ እንግዳ ስትጠራ «ዶሮው ጋ ስትደርስ አንኳኳ» ማለት ጀመረች።

ሠራተኞችዎ መጥተው በሩ ቅርስ መሆኑን ሲነግሩኝ ደስ ብሎኝ ፈረምኩ፤ ማንም አላስገደደኝም። በምትኩ ግራጫ የብረት በርና በመስታወት ፍሬም የገባ የምስጋና ወረቀት ሰጥታችሁኛል። ለዚህም ከልብ እያመሰገንኩ፣ ጥቂት ጥቃቅን ጉዳዮችን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩. አባቴ የመርሳት በሽታ አለበት። ስሜን ከረሳ ሁለት ዓመት ሆኖታል። በመንገዳችን ላይ ሃያ ሁለት አንድ ዓይነት ቤቶች አሉ፤ እሱ ግን ጠዋት ወጥቶ ዞር ዞር ብሎ ሲመለስ ቤቱን የሚለየው በዶሮው ነበር። ስፈርም ይህን አላሰብኩም፤ ጥፋቱ የእኔ ነው። ዶሮው ከሄደ ወዲህ አምስት ጊዜ ጠፍቷል። እጁን ይዤ በግራጫው በር ሳስገባው «ይቅርታ እመቤቴ፣ ቤት ተሳስቼ ነው» ብሎኝ በትሕትና ይወጣል። ብቆልፍበት መዳፉ እስኪያብጥ በሩን ሲደበድብ ይውላል።

፪. በብረቱ በር ላይ ሌላ ባለሙያ ያንኑ ዶሮ አስመስሎ እንዲሥልልኝ አድርጌ ነበር። አባቴ አየውና «ይሄን የሣለው እጁ የተሰበረ ሰው ነው» ብሎ አለፈ። የማዕከልዎ ባለሙያዎችም ዓይናቸው የዚህን ያህል የሠላ እንደሚሆን አልጠራጠርም።

፫. በሩ እንዲመለስልን ሦስት ጊዜ አመልክቻለሁ። በመጀመሪያ ኮሚቴው ይየው ተባለ። ቀጥሎ ኮሚቴው ሥልጠና ላይ ነው ተባለ። በመጨረሻ «በሩን ለበርነት ማዋል ለጉዳት ያጋልጠዋል» የሚል፣ ማኅተሙ በጣም ያማረ መልስ ደረሰኝ።

፬. ልጄ ከትምህርት ቤቷ ጋር በሩን ልትጎበኝ መጥታ ነበር። ሕፃናትን ስለ ጥበብ በማስተማርዎ ምስጋናዬ ይድረስዎ። በሰጣችኋቸው ወረቀት ላይ «ይህ ሥዕል ምን ይጠቅማል?» ለሚለው «አያቴ ቤቱን እንዲያገኝ» ብላ ጽፋ ኤክስ ተደርጎባታል። ትክክለኛው መልስ «ለትውልድ እንዲተላለፍ» ነው አሉ። አያቷ፣ እኔና እሷ ስንደመር ሦስት ትውልድ መሆናችንን በማመልከቻዬ ላይ ሳልገልጽ ቀርቼ ይሆናል።

፭. ባለፈው ወር አባቴ በሩን አገኘው። ሁለት አውቶቡስ መያዝ ይጠይቃል፤ እንዴት እንደደረሰ እስከ ዛሬ አላውቅም። ግድግዳችሁ ላይ የተሰቀለውን በር ቆሞ ሲያንኳኳ ጠባቂዎ «አባባ፣ መንካት ክልክል ነው» ቢለው፣ «የገዛ ቤቴን?» ብሎ ተቆጣ። ክንዱን ሳይሰብሩ ስላስወጡት ባለ ዕዳዎ ነኝ።

እንግዲህ በሩን መመለስ የማይቻል ከሆነ፣ አባቴንም ለስብስቡ ይቀበሉልኝ። ዕድሜው ሰማንያ አንድ ነው፤ መሰነጣጠቅ ጀምሯል፤ ሌላ ቅጂ የለውም። ከበሩ ፊት አንዲት ወንበር ትበቃዋለች። እኔም እየመጣሁ አበላዋለሁ፤ የመግቢያ ትኬቴንም እቆርጣለሁ።

ለቅርስ ያለዎትን ፍቅር ለሰውም ያድርግልዎ እያልኩ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ።

አክባሪዎ፣
የበሩ የቀድሞ ባለቤት

ማሳሰቢያ፦ ይህን ደብዳቤ የጀመርኩት እሑድ ነበር። አባቴ ሰኞ ጠዋት ወጣ፤ ዛሬ ረቡዕ ነው፤ አልተመለሰም። ፖሊስ ጣቢያም ሆስፒታልም ጠይቄአለሁ። ትናንት ወደ እናንተ መጥቼ ነበር፤ ማክሰኞ ዝግ ናችሁ። ይህን ደብዳቤ በአውቶቡስ በሚመጣ ጎረቤት ልኬ፣ እኔ ዛሬም በእግሬ መንገድ መንገዱን እያየሁ እየመጣሁ ነው። ቀድሞኝ ደርሶ ካንኳኳ፣ ከበሩ ጀርባ ግድግዳ መሆኑን አይንገሩት። አንድ ሰው ብቻ፣ ደንቡ ከፈቀደ፣ «ማነው?» ይበለው። ቤት ውስጥ ሰው እንዳለ ካወቀ እስክደርስ ቆሞ ይጠብቃል።