በግራ በኩል ያለቀው ጎማሽ

የሺዬ፣ የልጄ እናት፣

ከተለየሽኝ እነሆ ዓመት ከሁለት ወር። ሙት ዓመትሽን አውጥተን ጥቁሬን ካወለቅሁ ወዲህ ሰው ሁሉ መንገድ ላይ እያቆመ «በርታ እንግዲህ» ይለኛል። ምኑን እንደምበረታ እንጃ። ሱቄን እከፍታለሁ፣ እሰፋለሁ፣ እዘጋለሁ። አንቺ ከመንገድ ገብተሽ ጃኬትሽን ሳታወልቂ የምትጠይቂኝ «ቤቱ እንዴት ዋለ?» ነበርና ከሱ ልጀምርልሽ።

ቤቱ ደህና ነው። በጓዳ በኩል የሚያፈሰውን ቆርቆሮ አስቀይሬዋለሁ። ቀይዋ ዶሮሽ እንቁላል መጣሏን ካቆመች ቆየች፤ ልጃችን ማኅደር ግን «እናቴ ያሳደገቻት አትታረድም» ብላ አስጥላታለች። ልጃችን የእንስሳት መድኃኒት ቤትሽን ሳትዘጋ ይዛዋለች። ዶቅዶቄሽን አስነስታ ገጠር ለገጠር ትዞራለች፤ ላም አማጠች ሲሏት ትሄዳለች፣ በግ ተነፋ ሲሏት ትሄዳለች። ገበሬው «የሐኪሟ ልጅ» ይላታል። እኔ ድሮ «የሐኪሟ ባል» ነበርኩ፣ ዘንድሮ ደግሞ «የሐኪሟ አባት» ሆኛለሁ። ይህን ሁሉ ዘመን ደብረ ማርቆስ ላይ ልብስ ሰፍቼ በስሜ የሚጠራኝ አንድ ሰው ልጣ? ጉድ እኮ ነው!

ዛሬ የምጽፍልሽ ግን የኋላ ጎማሽን ስላስቀየርኩ ነው። አልጋ ላይ ከመዋልሽ በፊት ያስገባሽውን፣ የመጨረሻውን። ያስቀየርኩትም ሙላት ዘንድ ነው። አዎ፣ ሙላት ጎሚስታው፣ ከሱቄ ሦስት ቤት ወረድ ብሎ ጎማ ሲለጥፍ የሚውለው። እኔና እሱ ፊት ለፊት ቆመን ስታስቢን እንደምትስቂ አውቃለሁ። ቆይ፣ አትሳቂ፤ ነገሩ የሚያስቅ አይደለም።

እውነቱን ልንገርሽ፣ አሁን ማንን አፍራለሁ። እኔ ባንቺ ቀናተኛ ነበርኩ። በቁምሽ አንድ ቀን በአፌ አላወጣሁትም እንጂ አንጀቴ እርር ድብን ሲል ነው የኖረው። አንቺ ጠዋት ትሄጂያለሽ፣ እኔ የስፌት መኪናዬ ላይ ተቀምጬ እቀራለሁ። ማታ ጭቃ ለብሰሽ ስትመጪ የማላውቃቸውን ሰዎች ወሬ ይዘሽ ነው። ዲማ እንዲህ ያሉ ቄስ፣ ደብረ ወርቅ እንዲያ ያለች መበለት፣ መንታ የወለደች ላም። ለኔ የሚደርሰኝ ከመንገድ የተረፈሽው ነበር። በመንገዱ ቀናሁ፣ በገበሬው ቀናሁ፣ እግዚአብሔር ያሳይሽ፣ በላሞቹ ሳይቀር ቀናሁ። አንድ ጊዜማ የዶቅዶቄሽን ቁልፍ ኮቴ ገበር ውስጥ ሰፍቼ ጠፋ አልኩሽ። አንቺ ግን ኮቱን ዳብሰሽ፣ ስፌቱን ተርትረሽ፣ ቁልፉን ወስደሽ ሄድሽ። ክሩን መኪናዬ ላይ ጠቅልለሽ ትተሽልኝ ነበር። ስለዚያ ነገር ሁለታችንም ተናግረን አናውቅም።

ከሁሉ ከሁሉ ግን የሚያንገበግበኝ ሙላት ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ንፋስ ልታስሞዪ እሱ ዘንድ ስትሄጂ ሳቅሽ የመኪናዬን ድምፅ አልፎ ጆሮዬ ይገባ ነበር። እቤት እንዲያ ስትስቂ ሰምቼሽ አላውቅም። ጎማ ምን ያስቃል? እያልኩ ጨርቁን አጣምሜ እሰፋዋለሁ፣ ከዚያ እተረትረዋለሁ።

የዘመድ ሰርግ ብለን ወደ ዲማ የሄድንበት ቀን ትዝ ይልሻል? ከኋላሽ ተቀምጬ፣ ወገብሽን ይዤ፣ እንዴት ደስ ብሎኝ ነበር። ገበያተኞች አዩንና አንዱ «ወንዱ ታዝሎ ሄደ!» ብሎ ሲጮህ ሁሉም ሳቁ። ወገቤን አመመኝ ብዬ ወረድኩ። ማመካኛ እንደሆነ አውቀሻል፤ ግን ጥለሽኝ አልሄድሽም። እግርሽን መሬት ለመሬት እየጎተትሽ፣ ሞተሩ እያጉረመረመ፣ በኔ እርምጃ ልክ አጠገቤ ነዳሽ። አንድ ሰዓት ሙሉ እንዲያ ሄድን። ከዚያ ወዲህ አንድ ቀን ከኋላሽ አልተቀመጥኩም። አሁን ቢሆን ከተማውን ሙሉ ታዝዬ በዞርኩልሽ፣ የሺዬ።

ያንቺ ነገር ሆኖ የኔ ብቻ የመሰለኝ አንድ ነገር ነበር፤ ያቺ ገብስ። ግቢያችን ውስጥ ቁጢጥ ብለሽ ከጃኬትሽ ኪስ የገብስ ቆሎ ታወጫለሽ። አንዷን ፍሬ ከጎማው ጥርስ መካከል ካለው ቦይ ታስተኚያትና አውራ ጣትሽን ታሳልፊባታለሽ። ፍሬዋ ተደብቃ ጣትሽ ሳያገኛት ካለፈ ጎማው ገና ነው፤ ጀርባዋ ጣትሽን ከነካ አለቀለት፣ ክሩ እስኪታይ የሚጠብቅ ሞኝ ነው ትዪኝ ነበር። በግራም፣ በመሀልም፣ በቀኝም ታደርጊዋለሽ። ጎማም እንደ ሱሪ ነው፣ እኩል አያልቅም፣ አቀማመጥህ ያጋደለበት ቦታ ቀድሞ ይሳሳል ብለሽ በኔ ሙያ አስረዳሽኝ። እንዲህ በኔ ቋንቋ ስታስረጂኝ ደስታዬን አልችለውም ነበር። ስትጨርሺ ፍሬዋን ለዶሮዎቹ ትወረውሪያለሽ።

አርባሽ ካለፈ በኋላ ጎማው ተነፈሰ። ማኅደር እንዳትቸገር ብዬ እኔው ሞተሩን እየገፋሁ ሙላት ዘንድ ወሰድኩት፤ የቀረበው እሱ ነው፣ ምን ላድርግ። ለጥፎ ከጨረሰ በኋላ እጁን ኪሱ ከተተና ምን ቢያወጣ ጥሩ ነው? የገብስ ቆሎ! ቦዩ ውስጥ አስተኝቶ አውራ ጣቱን አሳለፈበት፣ ልክ እንዳንቺ፣ አንጓውን እንኳ እንዳንቺ ዘወር አድርጎ። ደሜ ፈላ። ከማን ተማርከው ብዬ ብጠይቀው «የሺ ናት ያስተማረችኝ፣ ጋሼ» አለኝ። ስሚ እንግዲህ፣ እኔን «ጋሼ» ይለኛል፣ አንቺን «የሺ»! ድንቄም ጎሚስታ! በዚህ በኩል ተበልቷል፣ ከክረምት በፊት መቀየር አለበት፣ ደግሞም ልነግርዎ የምፈልገው ነገር አለ ሲለኝ ጆሮ አልሰጠሁትም። ሞተሩን ነጥቄ ወጣሁ። ሁለተኛ ደጁን አልረግጥም ብዬም ማልኩ።

አሁን የምነግርሽ የሚያሳፍረኝን ነው። ክረምቱ ወጥቶ በጋውም አልፎ ዳግም ሰኔ ሲገባ ማኅደር ጎማው እንዲታይላት ጠየቀችኝ። እኔ አየዋለሁ አልኳት። ቅዳሜ ጠዋት እንዳንቺ ቁጢጥ ብዬ ገብሷን አወጣሁ። በግራ በኩል ጥርሱ የሚባል ነገር የለም፣ ሊሾ ሆኗል፣ እንደተለሰነ ወለል ያንሸራትታል። መሀሉና ቀኙ ግን ደህና ነበሩ። እኔ አባት ተብዬ ገብሷን በቀኝ በኩል አስተኝቼ፣ ጣቴን አሳልፌ፣ ገና ነው አልኳት። ሙላት ዘንድ ላለመሄድ ነዋ! ደግሞም አንቺ የነዳሽበት ጎማ ነው፣ እሱ እጁን እንዲያሳርፍበት አልፈለግሁም። በሚቀጥለውም ቅዳሜ እንዲሁ አደረግሁ። ልጅቷ አምናኝ ሄደች።

በሦስተኛው ሳምንት ዝናብ ካባራ በኋላ ከደብረ ወርቅ መንገድ ስትመለስ ወደ ግራ በሚታጠፈው ቁልቁለት ላይ ጎማው ከዳት። ከነሞተሩ ተንሸራትታ ከመንገዱ ዳር ካለው ገደል አፋፍ ላይ ቆመች። እርሻ የሚያርሱ ሰዎች ናቸው ያነሷት። ክንዷ እስከ ክርኗ ተላልጧል፤ አጥንቷን ግን እመቤቴ ጠብቃላታለች። ቤት ስትገባ አልጮኸችብኝም፣ ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። ቁስሏን ሳጥብላት «ገና ነው ብለኸኝ ነበር እኮ፣ አባዬ» አለችኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ምን ነበረበት አልኩ።

በነጋታው ሞተሩን እየገፋሁ ሙላት ደጅ ቆምኩ። ጎማውን አዙሮ አይቶ ገብሱን ሲያወጣ በቀጥታ በግራ በኩል አስተኛው። ፍሬዋ መሬት ላይ እንደወደቀች ሁሉ ከላይ ሆና ቁልጭ አለች። ከዚያ ቀና ሳይል፣ ብሎኑን እየፈታ፣ አምና ሊነግረኝ የነበረውን ነገረኝ።

ልጅሽ ተንሸራተተችበት እንጂ የግራውን የጨረስሽው አንቺ ነሽ። ገና አዲስ ሳለ ለንፋስ ስትመጪ ሙላት በአንድ ወገን ሲሳሳ አይቶ ሞተሩ ተጣምሞ እንደሆነ ፈተሸው። አልተጣመመም። ያን ጊዜ አቀማመጥሽን አየና ለምን ወደ ግራ ታዘነብያለሽ ብሎ ጠየቀሽ። ቀኝ ጎኔን ይወጋኛል አልሽው። ለኔ ያልነገርሽኝን ለሱ! ሐኪም ቤት ሂጂ ብሎ ደጋግሞ ለምኖሻል። ለባለቤትሽ እኔ ልንገር ሲልሽም እንዳትነግረው፣ ከሰማ ቁልፌን ይደብቅብኛል ብለሽ አስምለሽዋል። ይህን ስትነግሪው ስቀሽ ነበር አለኝ።

የሺዬ፣ ጎማ መፍቻውን ነጥቄ ልለው ምንም አልቀረኝ። ኋላ ግን አንቺ ትቀመጪበት በነበረው ዱካ ላይ ዘፍ አልኩ። እኔ ገላሽን በሜትር የምለካ ሰው ነኝ። በዚያ ዓመት ቀሚስሽን ሁለት ጊዜ አጥብቤልሻለሁ። መክሳትሽን ሳላይ ቀርቼ አይደለም፣ አይቻለሁ፤ ግን ይቺ ሴት ለማን ብላ ነው የምትቀጥነው ብዬ መርፌውን በንዴት ነው የሰካሁት። እኔ በሜትር ይዤ ያላየሁትን እሱ ከጎማ አይቶታል። ከሁሉ የከፋው ደግሞ እውነትሽን መሆኑ ነው። ብትነግሪኝ ቁልፉን እደብቅ ነበር። ያመመሽን እንኳ ሳላስብ፣ ቤት ዋለችልኝ ብዬ ደስ ይለኝ ነበር። አሁንም በሙላት እቀናለሁ፣ ልዋሽሽ አልፈልግም። ያመመሽን ቀድሞ ስላወቀ እቀናበታለሁ፣ እስክሞት።

አዲሱን ጎማ አስገብቶ ሲጨርስ አሮጌውን አነሳ። አሮጌ ጎማ ሁሉ በረባሶ ጫማ ለሚቆርጡት እንደሚሄድ አውቃለሁ። እሱ ግን በጨርቅ ጭቃውን ጠርጎ አቀበለኝ። ከእጁ ሲለይ ትንሽ ዘገየ። ያንን መዘግየት አይቼዋለሁ፤ ሌላ ጊዜ ቢሆን ያነድደኝ ነበር፣ ትናንት ግን አመሰገንኩት። ትከሻዬ ላይ አጥልቄው በገበያው መሀል ስሄድ ሰዉ ልብስ ሰፊው አበደ ሳይል አልቀረም። ይበል።

ጎማሽ አሁን ሱቄ ውስጥ ከስፌት መኪናዬ አጠገብ ቆሟል። ግራ ጎኑን በእጄ ስዳብሰው እንዴት ትቀመጪ እንደነበር ይገባኛል፤ ስንት መንገድ፣ ስንት ቀን ጎንሽን እየወጋሽ እንደሄድሽ። አልረሳሽም፣ የሺዬ። ዝንባሌሽንም ጭምር አልረሳም። ማኅደርንም ቁልፍ አልከለክላትም፤ ስትወጣ ስትገባ ግን አቀማመጧን አያለሁ፣ ምን አመመሽ ብዬም እጠይቃታለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ ጎማውን እኔው አያለሁ፣ ሦስቱንም ቦታ፣ ሳላጭበረብር። ገብሷን መጀመሪያ የማስተኛት በግራ በኩል ነው፣ አንቺ ባዘነበልሽበት።

ቀናተኛው ባልሽ