ቁጥሬ ሃምሳ ሦስት

ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 8

የእረፍት ቀን። ጠዋት የመኪናውን ዘይት አስቀየርኩ። ባለቤቴ ኮሪን ሳሎኑን ቀለም እንቀባ አለችኝ። እሺ አልኳት። እዚህ ቤት ለስንት ጊዜ እንደምንኖር ሳላውቅ ቀለም...

ከሰዓት ዳሌዬን ለማሳሸት ክለቡ ሄድኩ። ማክሰኞ ሜዳው ጭር ይላል። ዛሬ ግን ከአጥሩ ማዶ ድው... ድው... ይላል። ኳስ ቆማ ስትመታ የምታሰማው ድምፅ ነው። አሥራ አንድ ዓመት ያን ድምፅ የማወጣው እኔ ነበርኩ።

ሦስት መቺዎች አስመጥተዋል፤ እንደ እኔ በአሜሪካ ፉትቦል ቆማ የተያዘችን ኳስ በእግር መትተው በጎሉ አግዳሚ በላይ የሚያሳልፉ። አንዱ ገና ጢም አላወጣም። የመቺዎች አሰልጣኝ ሃስከል ወረቀት ይዞ ቆሟል። ሲያየኝ ደንገጥ አለ።

"ለማየት ያህል ነው ዌንደል።"

ለማየት ያህል! እኔም የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት ማክሰኞ ቀን ለማየት ያህል ነበር የመጣሁት። የበፊቱን መቺ በሩ ላይ አገኘሁት፣ ዕቃውን በጥቁር ላስቲክ ይዞ ሲወጣ። መልካም ዕድል አለኝ ሰውዬው። ስሙን እንኳ አልጠየቅኩትም።

ሐሙስ፣ ኦክቶበር 10

ልምምድ። ከአርባ አራት ያርድ በደንብ አለፈች። ከአርባ ሰባት አግዳሚውን ነካች። ከሃምሳ... ይቅር።

ኤሞሪ ከሣሩ ተነስቶ ጉልበቱን አራገፈ። ክለቡ ውስጥ ኳስ አርቆ የሚለጋው እሱ ነው። እኔ ስመታ ደግሞ ተንበርክኮ ኳሷን በጣቱ ያቆምልኛል። ሰባት ዓመት። አንድ ቀን እንኳ ጣቱን ፈርቶ አልሰበሰበም።

"እሁድ ስንት ልትል ነው?" አለኝ።

"ሃምሳ ሦስት።"

"አንተ ሰውዬ፣ አርባ አራት በል።"

"አርባ አራት ብዬ ማክሰኞ ልባረር?"

"ሃምሳ ሦስት ብለህስ?"

ምን ልበለው? ወጉ እንዲህ ነው፤ ከጨዋታ በፊት ንፋሱን አይቼ ከስንት ያርድ እንደማደርስ ለሃስከል እነግረዋለሁ። ካርዱ ላይ ይጽፋል። አሳየኝ ብሎ የሚጠይቅ የለም። ዋናው አሰልጣኝ በመጨረሻዋ ደቂቃ ልምታ አልምታ የሚወስነው በዚያች ቁጥር ነው። አሥራ አንድ ዓመት ሃምሳ ሦስት ስል ኖሬ ዛሬ ዘጠኝ ያርድ ብቀንስ... ሦስቱ ልጆች ደጅ ቆመዋል እኮ።

እሁድ፣ ኦክቶበር 13፣ ጠዋት

ንፋሱ ከሐይቁ ነው፣ ፊት ለፊት። ሁለት ማስታገሻ ዋጥኩ።

"ስንት?" አለ ሃስከል።

"ሃምሳ ሦስት።"

ጻፈው። ቀና ብሎም አላየኝ።

የዚያኑ ቀን፣ ማምሻውን

በሁለት ነጥብ ተበልጠን ዘጠኝ ሰከንድ ቀረ፤ ምት ካለፈች ሦስት ነጥብ ናት። ምቷ ከጎሉ ሃምሳ ሁለት ያርድ ላይ ነች። ኳሷን በእጅ አንዴ ወርውረን ጠጋ ልንል እንችል ነበር። ዋናው አሰልጣኝ ሃስከልን ጠየቀው። ሃስከል ካርዱን አወጣ። "ያደርሳል" አለ።

ኤሞሪ ተንበርክኮ ቀና አለ። "አሁንም አልመሸም። አመመኝ በል።"

ራሴን ነቀነቅኩ። ሰባት ዓመት ምልክታችን ይህ ነው፤ ዝግጁ ነኝ ማለት ነው።

ዘንድሮ ከመታሁት ሁሉ ይቺ ትበልጣለች። በቀጥታ ሄደች። አግዳሚው ሥር ወደቀች። ወደ ጎን ብትሄድ ንፋሱን እረግም ነበር። ማጠር ግን ሰበብ የለውም።

መልበሻ ክፍል ጋዜጠኞቹ ሲገቡ ኤሞሪ ቀደመኝ። "ጥፋቱ የእኔ ነው። ኳሷን አዘንብዬ አቆምኩበት" አላቸው። ካሜራ ሁሉ ወደ እሱ ዞረ። እኔ ጎንበስ ብዬ የጫማዬን ማሰሪያ እፈታ ነበር። ተፈትቶ ካለቀ በኋላም ጎንበስ እንዳልኩ ነበርኩ።

መኪና ማቆሚያው ጋ ያዝኩት። ምን ማድረግህ ነው አልኩት።

"የእኔ እግር ደህና ነው፣ ሌላ ክለብ አላጣም። አንተን ከለቀቁህ ማን ይወስድሃል? ዝም በል።"

ዝም አልኩ።

ሰኞ፣ ኦክቶበር 14

ቪዲዮውን አየን። የኤሞሪ ክንድ ኳሷን ከልሏታል፤ ዘንበል ብላ ይሁን ቀጥ ብላ አይታይም። ሃስከል ሦስት ጊዜ መለሰው። ከዚያ እኔን አየኝ። ጠበቀ መሰለኝ...

ዝም አይነቅዝም ይባላል። ይነቅዛል።

ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 15

ኤሞሪን አባረሩት። ጥቁር ላስቲክ። "ዳሌህን ታይ" ብቻ አለኝ።

ኮሪን ሳሎኑን እየቀባች ነበር። "ምን አድርጎ ነው?" አለችኝ።

"ኳስ አዘነበለ አሉ።"

"አሉ? ከፊትህ አልነበረም እንዴ?"

ነገርኳት። ሁሉንም። ብሩሹን ቆርቆሮው ላይ አስቀመጠች።

"ነገ ሄደህ ትነግራቸዋለህ፣ አይደል?"

"እሁድ ይለፍ።"

እጇን ታጥባ ወጣች። ግድግዳው ግማሹ ቢጫ፣ ግማሹ ነጭ ነው።

እሁድ፣ ኦክቶበር 20

አዲሱ የሚያቆምልኝ ተጠባባቂው ኳስ ወርዋሪ ነው። እግሬ ሲጠጋ ጣቱን ያሸሻል። አልፈርድበትም።

"ስንት?" አለ ሃስከል።

ሃምሳ ሦስት ልል ነበር። ምላሴ ላይ ነበረች።

"አርባ አራት።"

እስክሪብቶው ቆመ። "ባለፈው ሳምንትስ?"

"ያኔም አርባ አራት ነበር።"

"ኤሞሪስ?"

"ቀጥ አድርጎ ነው ያቆማት።"

እስክሪብቶውን ከደነው። ከዚያ ድምፁን ሳያነሳ፦ "አርባ አራት ብትለኝ ኖሮ እኮ አርባ አራት ብዬ እጽፍ ነበር። አንዴ ወርውረን እንጠጋ ነበር። ይኸው ነበር።"

ይኸው ነበር። ልጆቹን ያስመጣው በእርግጥ ለማየት ያህል ይሆን እንዴ? አሁን ማን ይነግረኛል።

ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 22

ጥቁሩ ላስቲክ ከገመትኩት በላይ ቀጭን ነው። አንዱ ጫማ በስቶ ወጣ።

ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 19

ካንሳስ። አንድ ክለብ ሦስት መቺዎችና ሁለት ኳስ ለጊዎች ለሙከራ ጠርቷል። ከለጊዎቹ አንዱ ኤሞሪ። ለአንድ ወር ስልኬን አላነሳም ነበር፤ ሣሩ ላይ አገኘሁት። ከስቷል። ከዚያን ቀን ወዲህ የትም አልተቀጠረም። የለጊ ሥራው ግማሹ ኳስ ማቆም ነው፤ እሱ ደግሞ አልቻልኩም ብሎ በቴሌቪዥን ተናግሯል።

ለሦስታችንም እሱ ተንበረከከ። እኔ ጋ ሲደርስ አሰልጣኙ "ሽማግሌው፣ አንተ ከስንት ታደርሳለህ?" አለኝ።

አፌን ሳልከፍት ኤሞሪ ሣሩን እያየ መለሰ። "አርባ አራት።"

ስድስት መታሁ፣ ስድስቱም አለፉ። ጣቱ አልተንቀሳቀሰም። ከእኔ ቀጥሎ የመጣው ልጅ ከሃምሳ ሰባት አሳለፈ።

ሲያልቅ አሰልጣኙ ኤሞሪን ጠራው። "ያቺን ኳስ ያዘነበልካት አንተ ነህ፣ አይደል?"

"አላዘነበላትም" አልኩ። ጮክ ብዬ። "ቀጥ አድርጎ ነው ያቆማት። እኔ ነኝ ያሳጠርኳት።"

አሰልጣኙ ፈገግ አለ። "ጥሩ ጓደኛ ነህ" አለኝ። "ግን ራሱ ሲናገር ሰምቼዋለሁ።" ወረቀቱ ላይ የሆነ ነገር ሰረዘ።

ወደ አውሮፕላን ማረፊያ በአንድ አውቶቡስ ሄድን። አጠገቡ ተቀመጥኩ። ብዙ መንገድ ከሄድን በኋላ "አየህ፣ ተናገርኩ" አልኩት።

"ሰማሁ።"

"ታዲያ?"

"ያኔ ነበር ዌንደል።"

አውቶቡሱ የእሱ አየር መንገድ በር ጋ ቀድሞ ደረሰ። ቦርሳውን አወረድኩለት። ተቀብሎኝ ወረደ።