የባለቤቴ ቀኝ እግር ስለ መዳኑ የቀረበ ምስጋና

ለተከበሩ የጤና መድን ድርጅቱ ዋና ሥራ አስኪያጅ፣

ግልባጭ፦ ለስልክ ሕክምና አገልግሎቱ ኃላፊ፣ እንዲሁም ይህን ለሚያነብ ሁለት እግር ላለው ሰው ሁሉ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለቤተሰብዎና ለሁለቱም እግሮችዎ ፍጹም ጤንነትን እመኛለሁ። እግሮችዎን ለይቼ ማንሳቴ አይግረምዎ። አርባ አንድ ዓመት ጫማ የሰፋሁ ሰው ነኝና የሰው ጤና የሚታወቀው ከታች መሆኑን አውቃለሁ፤ በእርስዎ ድርጅት ዘንድም አንድ ሰው ሁለት እግር እንዳለው በማኅተም ካልተረጋገጠ በቀር እንደማይታመን በቅርቡ ተምሬአለሁ። ትምህርት ቤት ደጃፍ ሳልረግጥ ፊደልን ከጫማ ካርቶን ላይ ለቅሜ ያጠናሁ እንደ መሆኔ፣ በዚህ ዕድሜዬ አዲስ ነገር ያስተማረኝን ሁሉ ሳላመሰግን አላልፍም።

ለመጻፍ ያነሳሳኝ ባለፈው ሳምንት ከቢሮዎ የደረሰን ወረቀት ነው። ወረቀቱ ለባለቤቴ የተጻፈ ሲሆን፣ የቀኝ እግሯ ቁስል ጉዳይ በመልካም ውጤት መዘጋቱን ገልጾ እንኳን ደስ አለዎት ይላታል። ባለቤቴ ስኳር በሽታ ከያዛት አሥራ ስድስት ዓመት ሆኗታል፤ ቀኝ እግሯ ግን ቆስሎ አያውቅም። የቆሰለው ግራው ነው። ግራው ዛሬ ሁለት ጣት ጎድሎታል። የሆነውን ሁሉ በየተራው እያመሰገንኩ ላቅርብ።

አንደኛ፦ ስለ ምክራችሁ አመሰግናለሁ። በመድናችሁ ዘጠኝ ዓመት ከቆየን በኋላ፣ በስልክ የሚያክመው አገልግሎት አባል ብንሆን ሁለቱ እንደሚደጋገፉ የሚያስረዳ በራሪ ወረቀት የላካችሁልን እናንተው ናችሁ። የስልኩ ሐኪም ወደ ሆስፒታል የሚጽፈውን ወረቀት እንደ ራሳችሁ ሐኪም ወረቀት እንደምትቀበሉ በወፍራም ፊደል ታትሞበታል፤ ከጎኑም ሶፋ ላይ ተቀምጠው ለስልክ የሚስቁ፣ አንድም ጥርስ ያልጎደላቸው ሽማግሌና አሮጊት አሉ። እኔ እግር ሳይነካ የሚያክም ሐኪም እግር ሳይለካ ጫማ ከሚሰፋ ሰው አይለይም ብዬ ተቃውሜ ነበር። መምህርት የሆነችው ትንሿ ልጃችን ግን፣ "አባዬ፣ ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል ይባል የለ?" ብላ አስመዘገበችን። ተረቱ እውነት ነው። ሁለቱ ባላዎች መሬት ሳይነኩ እርስ በርሳቸው ተደግፈው የቆሙ እንደሆነ ግን ምን ይደረግ እንደሆነ አይናገርም።

ሁለተኛ፦ ስለ ስልኩ ሐኪም ትሕትና አመሰግናለሁ። የባለቤቴ ግራ እግር በትንሿ ጣትና በጎረቤቷ መካከል የቆሰለ ዕለት፣ ሐኪሙ በሰባት ደቂቃ ውስጥ ስክሪኑ ላይ ብቅ ብሎ "እናቴ" እያለ አነጋገራትና ፎቶ እንድንልክ ጠየቀን። እዚህ ላይ የራሴን ጥፋት አልደብቅም። እግሯን ጉልበቴ ላይ አኑሬ፣ የማነሳውን እያየሁ ለማንሳት ስል፣ ወጣቶች የገዛ ፊታቸውን በሚያነሱበት ካሜራ አነሳሁት። ያ ካሜራ እንደ መስታወት ግራውን ቀኝ አድርጎ እንደሚያስቀር አላውቅም ነበር። ነገር ግን እኔ በአፌ ግራ ብያለሁ፤ ባለቤቴም ግራ ብላለች። ሐኪሙ የሁለት ሽማግሎችን አፍ ትቶ አንድ ፎቶ አመነና፣ ቀኝ እግሯን በሦስት ቀን ውስጥ የቀዶ ሕክምና ሐኪም እንዲያየው ጻፈ። ከጻፈው ሁሉ የተሳሳተችው አንዲት ቃል ብቻ መሆኗን ለክብሩ እመሰክርለታለሁ።

ሦስተኛ፦ ስላስጎበኛችሁኝ ስፍራዎች አመሰግናለሁ። የሆስፒታሉ ሐኪም የቆሰለውን እግር በዓይኑ አይቶ፣ እናንተ የፈቀዳችሁት ግን ለቀኝ ስለሆነ ሕክምናውን መጀመር እንደማይችል ነገረን። ወደ እናንተ መስኮት ቁጥር አራት መጣሁ። መስኮት አራት፣ የሚያርመው የጻፈው ነው አለችኝ። የጻፈው ዘንድ ስደውል ሐኪሙ ፈቃድ ወጥቷል፤ ሌላ ሐኪም የእሱን ጽሑፍ አይነካም፤ ለአንድ ሕመም ደግሞ ሠላሳ ቀን ሳይሞላ ሁለተኛ ቀጠሮ አይሰጥም ተባልኩ። እንደገና ወደ መስኮት አራት። በአምስተኛው ቀን ከሥራ ቤቴ የግራና የቀኝ የእንጨት ፎርማ፣ ጫማ የምንወጥርባቸውን ማለቴ ነው፣ ይዤ መጥቼ መስኮቱ ላይ ጎን ለጎን አቆምኳቸውና የአውራ ጣቱ ጎን ወዴት እንደሚያዘነብል አስረዳሁ። ተሰልፎ የነበረው ሰው ሁሉ ገብቶታል። ከኋላዬ የቆመ አንድ የታክሲ ሹፌር፣ "አባባ፣ እንዲህ ቆሞ አይገባቸውም፤ ፎቶ አንስተው ይላኩላቸው" አለኝ። ሰልፉ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም፤ ፎርማዎቼን አቅፌ ወጣሁ።

አራተኛ፦ ስለ መስኮት አራቷ ሠራተኛ ደግነት አመሰግናለሁ፤ ይህን የምለው ከልቤ ነው። በስድስተኛው ቀን ግራና ቀኟን አየት አደረገችና ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ "አባባ፣ ቀኝ ነው ብለው ይፈርሙና ይሂዱ። እዚያ ሲደርሱ የትኛውን እንዳሳዩ ማን ያያል?" አለችኝ። በዚያ ሁሉ ሕንጻ ውስጥ ስለ ባለቤቴ እግር የተጨነቀች እሷ ብቻ ነበረች፤ ለመርዳት የቀረላት መንገድም ውሸት ብቻ ነበር። አልፈረምኩም። ቢላ የያዘ ሰው ፊት ቀኝ የሚል ወረቀት ይዤ ግራ እግር ላቀርብ አልችልም፤ ከሐሰት በታች ስሜን አስቀምጬም አላውቅም። ቤት ገብቼ ጥሩ እንደ ሠራ ሰው ለባለቤቴ ነገርኳት። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ፋሻዋን እየፈታች ነበር። ቀና ብላ፣ "አንተ ሰው፣ ቀኝ ብትላቸው ምን ነበረበት? እግሩ የኔ አይደል?" አለችኝ።

ፋሻውን ተቀብያት ቁስሉን አጠብኩላት። የጥያቄዋን መልስ ከእርስዎ አልፈልግም። የአንድ ሰው እውነት በአንዱ ሰሐን፣ የሚስቱ ጣቶች በሌላው ሰሐን የሚመዘኑበትን ሚዛን ግን ያቆመው የእርስዎ ድርጅት መሆኑን እንዲያውቁት ያህል ነው።

አምስተኛ፦ በአሥራ ሦስተኛው ቀን ሁለቱ ጣቶች ጠቆሩ። በድንገተኛ ክፍል ተቆረጡ። ማንም ወረቀት አልጠየቀንም። ጣት ለማዳን ፈቃድ እንደሚያስፈልግ፣ ለመቁረጥ ግን እንደማያስፈልግ ስላስረዳችሁኝ አመሰግናለሁ።

ስድስተኛ፦ ከሆስፒታል በወጣች በሁለተኛው ቀን፣ አገልግሎታችሁን ከአምስት ኮከብ በስንት እንደምትመዝን የሚጠይቅ መልእክት በስልኳ ደረሳት። ሦስት ሰጠቻችሁ። እንዴት ሦስት ብዬ ብቆጣት፣ "የቀሩልኝን ያህል ነው" አለች። እርስዎም ሦስቱን ኮከብ በሪፖርትዎ ውስጥ ሲያስገቡ፣ ከየት እንደተቆጠሩ ያስታውሱልኝ።

አሁን ወደ ልመናዬ ልምጣ። የቀዶ ሐኪሙ ቁስሉ በየሳምንቱ መታየት እንዳለበት፣ ክትትሉ ከተቋረጠ ግን ቀጥሎ የሚሄደው ጣት ሳይሆን እግሩ ራሱ መሆኑን ነግሮናል። ክትትሉ የእናንተን ፈቃድ ይፈልጋል። ፈቃድ ስንጠይቅ ደግሞ ለግራ እግር የተከፈተ ጉዳይ የለም፣ የቀኙ ጉዳይም በመልካም ውጤት ተዘግቷል ተባልን። እንዲህ ያለውን ማኅተም የተመታበት ማሾፍ ለማረም ከእርስዎ ፊርማ በቀር የሚበቃ እንደሌለ ሠራተኞችዎ ሁሉ ይስማማሉ። የምለምነው ካሳ አይደለም፤ ይቅርታም አይደለም። ከመዝገቡ ላይ ቀኝ የሚለው ቃል ወጥቶ ግራ የሚለው እንዲገባ ነው።

ቀጠሮዋ ሰኞ ጠዋት ነው። እስከ ዓርብ ማታ ቃሉን ካረሙት፣ ሆስፒታል ሄደን ቁስሏን አሳጥበን እንመለሳለን፤ እርስዎም ዳግመኛ አያዩኝም። ካላረሙት ግን በተሽከርካሪ ወንበር እየገፋሁ በቀጥታ ወደ ቢሮዎ አመጣታለሁ። ጠረጴዛዎ ፊት ሁለቱንም ጫማዎቿን አወልቅላታለሁ፤ እርስዎም ያለ ሐኪም፣ ያለ ስልክና ያለ መስኮት አራት፣ በገዛ ዓይንዎ አይተው የትኛው እንደሆነ ይነግሩናል። ጸሐፊዎ ስብሰባ ላይ ናቸው ብትለን እንጠብቃለን። እኛ መጠበቅን ከእናንተው ተምረናል።

ለድርጅትዎ ረጅም ዕድሜን፣ ለማኅተምዎ የማይነጥፍ ቀለምን፣ ለመዝገብዎ ደግሞ ቢያንስ አንድ ግራ እግርን እየተመኘሁ፣ ጎንበስ ብዬ እጅ እነሳለሁ። ጎንበስ ማለት ለጫማ ሰፊ አይከብደውም።

ዘወትር የሚያመሰግንዎ፣
የቀኝ እግሯ የዳነላት ሴት ባል

ድኅረ ጽሑፍ፦ ከዚህ ደብዳቤ ጋር በካርቶን የላክሁትን አንድ ጫማ ይረከቡልኝ። አምና ለባለቤቴ በልኳ የሰፋሁላት ነው፤ አሁን በጎኑ ባዶ ስለሆነ አይሆናትም። የግራ ነው። ለመዝገብዎ ማስረጃ እንዲሆን በፎቶ እንዳይመለከቱት እለምንዎታለሁ። እጅዎን ያስገቡበትና ጣቶቹ የነበሩበትን ቦታ ይዳስሱት።